ትል ቆጠራ በቅዳሜ ጠዋት፦ የሰፈራችሁን ጅረት ውሃ እንዴት ትመረምራላችሁ?

«ልጄ፣ ምን ጠፋብሽ?»

ቀና አልኩ። ባርኔጣ ያደረጉ፣ ከዘራ የያዙ አባት ከእግረኛው መንገድ ላይ ቆመው ያዩኛል። ከልጄ ጋር በአማርኛ ስነጋገር ሰምተው ነው መሰለኝ። እኔ ጅረቱ ውስጥ እስከ ጉልበቴ ገብቼ ጎንበስ ብያለሁ።

«ምንም አልጠፋብኝም አባባ። ትል እየቆጠርኩ ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ይከፍሉሻል?»

«አይ፣ በነጻ ነው።»

«እና ሲቆጠር ምን ይሆናል?»

ጥያቄው ደህና ጥያቄ ነው። ቆሜ ለመመለስ ሞከርኩ፤ ውሃው ቀዝቃዛ ስለነበር በአጭሩ ቀጨሁት። ረዘም ያለው መልስ ይኸው። በዲሲ፣ በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያላችሁ ሰዎች፣ ከአፓርታማችሁ ጀርባ የሚያልፈውን ጅረት ራሳችሁ መመርመር ብትፈልጉ ከየት እንደምትጀምሩ፣ ምን እንደምትይዙና ምን እንደምትሳሳቱ እነግራችኋለሁ። መሳሳቱን በደንብ አውቀዋለሁ።

እኔ ያደግሁት አዲስ አበባ፣ ቀበና ወንዝ አጠገብ ነው። ወንዝ ማለት ለእኔ አፍንጫን ይዞ የሚሻገሩት ነገር ነበር። አሁን የምሠራበት ጅረት ሆምስ ራን ይባላል። ከፌርፋክስ ካውንቲ ይነሳል፣ በባርክሮፍት ሐይቅ ያልፋል፣ ከዚያ አሌክሳንድሪያ ይገባል። ከባክሊክ ራን ጋር ሲገናኝ ስሙ ካሜሮን ራን ይሆናል። ከዚያ ወዲያ ፖቶማክ፣ ከፖቶማክ ደግሞ ቼሳፒክ ነው። በግራና በቀኙ ባሉት አፓርታማዎች ስንቱ ሐበሻ እንደሚኖር ታውቃላችሁ። ጅረቱን ግን አብዛኞቻችን በመኪና መስኮት ብቻ ነው የምናየው።

ከመጀመራችሁ በፊት፦ የትኛው ሥራ ለእናንተ ይሆናል?

ሥራው አራት ዓይነት ነው። አንዱን ምረጡ። ሁሉንም እሠራለሁ ያለ ሰው ሦስተኛው ወር ላይ ሲጠፋ ነው ያየሁት።

የመጀመሪያው የጨው ምርመራ ነው። በበረዶ ወቅት መንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ምን ያህል ጅረት ውስጥ እንደገባ በወረቀት መለኪያ ታያላችሁ። አምስት አሥር ደቂቃ ነው። ሥልጠናም ብዙ አይፈልግም። ለጀማሪ የምመክረው ይህንን ነው።

ሁለተኛው የኬሚካል ምርመራ ነው፤ ሙቀት፣ ኦክስጅን፣ ፒኤች (የውሃው የአሲድነት ልክ)። ብዙውን ጊዜ በየወሩ ይሠራል።

ሦስተኛው የባክቴሪያ ናሙና ነው። በሳመር በየሳምንቱ በጠዋት ተነስቶ ጠርሙስ መሙላት ማለት ነው። ዲሲ ውስጥ አናኮስቲያ ሪቨርኪፐር የሚባለው ድርጅት በጎ ፈቃደኞችን ይዞ የሚሠራው ይህን ነው።

አራተኛው ትል ቆጠራ ነው፤ ትል የምለው ጅረቱ ወለል ላይ የሚኖሩትን የነፍሳት እጮችና ሌሎች ትንንሽ ፍጥረታት ሁሉ ነው። በዓመት አራት ጊዜ፣ በየጊዜው ግማሽ ቀን። እኔ የተያዝኩት በዚህ ነው።

ትል ለምን ይቆጠራል? ኬሚካሉ የሚነግራችሁ የዛሬን ጠዋት ብቻ ነው። ትሉ ግን የሰፈሩ ነዋሪ ነው። ወራት፣ አንዳንዱ ከዓመት በላይ ድንጋይ ሥር ኖሯል። ባለፈው ወር በሌሊት አንድ ሰው የቀለም ባልዲ ቢደፋ እኔ አልጋዬ ውስጥ ነበርኩ፤ እሱ ግን እዚያው ነበር። ብክለት የማይችለው ዓይነት ከጠፋ፣ ውሃው ዛሬ ጥርት ብሎ ቢታይም አንድ ነገር አልፏል ማለት ነው።

ዘዴው አዲስ አይደለም። ኢዛክ ዋልተን ሊግ የተባለው በ1922 የተቋቋመ ማኅበር «ሴቭ አወር ስትሪምስ» የሚለውን ፕሮግራም በ1969 እዚሁ ሜሪላንድ ውስጥ ጀመረ። ቨርጂኒያ የራሷን የነጥብ አሰጣጥ አወጣችለት። ዛሬ በፌርፋክስ በኩል የሰሜን ቨርጂኒያ የአፈርና ውሃ ጥበቃ ዲስትሪክት ሰው ያሠለጥናል። በሜሪላንድ በኩል ኔቸር ፎርዋርድ አለ፤ እስከ 2022 ድረስ ኦዱቦን ናቹራሊስት ሶሳይቲ ይባል የነበረው ነው።

ሜሪላንድ ያላችሁ ወላጆች፣ ልጆቻችሁ ሃይስኩል ለመጨረስ 75 ሰዓት የበጎ ፈቃድ አገልግሎት ያስፈልጋቸዋል። ይህ ሥራ ይቆጠርላቸው እንደሆነ ትምህርት ቤቱን ቀድማችሁ ጠይቁ። ካለቀ በኋላ መጠየቅ ልፋት ነው።

ሥልጠናውና ቦታው

ፕሮግራሙን አግኝታችሁ ተመዝገቡ። መጀመሪያ የክፍል ትምህርት፣ ቀጥሎ ውሃ ውስጥ ልምምድ አለ። ትል ለመቁጠር ፍጥረታቱን የመለየት ፈተናም ትወስዳላችሁ። እንግሊዝኛዬ አይበቃም ብላችሁ አትፍሩ። ስሞቹ ለፈረንጆቹም አዲስ ናቸው። ጎኔ ተቀምጦ የነበረ ጡረታ የወጣ መሐንዲስ ከእኔ እኩል ላብ በላብ ሆኖ ነበር።

ቦታችሁን ከአስተባባሪው ጋር ምረጡ። የሚፈለገው ውሃው ጥልቀት ሳይኖረው ከድንጋይ ድንጋይ እየተላተመ የሚጮህበት ቦታ ነው። «ሪፍል» ይሉታል። ጩኸቱ ውሃው ከአየር ጋር እየተደባለቀ ነው ማለት ነው፤ ኦክስጅን አለ፣ ትሎቹም እዚያ ይወዳሉ። የተኛ ውሃ ውስጥ መረብ ዘርግታችሁ «ምንም የለም» ብትሉ ጥፋቱ የጅረቱ አይደለም።

ሌሎች ሦስት ነገሮችም አሉ። መሬቱ የግል ከሆነ ፈቃድ ያስፈልጋል። የፓርክ ፈቃድ ካስፈለገ ደግሞ ፕሮግራሙ ማውጣቱን ጠይቁ። መኪና የምታቆሙበት መኖሩንም እዩ። ሦስተኛው፣ ለዓመታት ልትመላለሱበት የምትችሉት ቦታ ይሁን። የዚህ ሥራ ዋጋው መደጋገሙ ላይ ነው። አራተኛው ጉብኝት ላይ እጅ እጅ ማለት ይጀምራል፤ ቁጥሩ ትርጉም የሚያገኘውም ከዚያ በኋላ ነው።

የሚያዝ ነገር

መረቡን፣ የኬሚካል ኪቱንና ቅጹን ፕሮግራሙ ይሰጣችኋል። ከቤት የምታመጡት ይህ ነው፦ እስከ ጉልበት የሚደርስ የጎማ ቦት፣ ወረንጦ፣ ማጉያ መነጽር፣ ሰፊ ነጭ አንሶላ፣ የፍሪጅ በረዶ መሥሪያ ፕላስቲክ፣ እርሳስ፣ ቅያሪ ካልሲ፣ ፎጣ።

እርሳስ ያልኩት እስክሪብቶ ሲረጥብ ስለሚፈስ ነው። በረዶ መሥሪያው ለትሎቹ መለያ ነው፤ በየጉድጓዱ አንድ ዓይነት ታስቀምጣላችሁ። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ፍሪጅ አይመለስም። ይህን ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ተናገሩ።

የቦቱን ሶል ገልብጣችሁ እዩት። ሜሪላንድ ከ2011 ጀምሮ የጨርቅ ሶል ያለው የውሃ ጫማ ከልክላለች። ጨርቁ እርጥበት ስለሚይዝ ከአንዱ ጅረት ወደ ሌላው መጤ አልጌ ያዛምታል። የጎማ ሶል ይሁን።

ከመውጣታችሁ በፊት

የአየር ትንበያ እዩ። ከባድ ዝናብ ከዘነበ ቀኑን ቀይሩ። አንደኛ፣ ጎርፉ ትሎቹን ስለሚያጥብ ቆጠራው ልክ አይመጣም። ሁለተኛ፣ ውሃ እያሳሳቀ ነው የሚወስደው። ሆምስ ራን በተራ ቀን ልጅ የሚንቦራጨቅበት ነው። በሐምሌ 2019 በመጣው ደራሽ ጎርፍ ግን የእግረኛውን መንገድ ነቅሎ ሄዷል። ውሃው ከጉልበት በላይ ከሆነና ከፈጠነ፣ ወይም ደፍርሶ እግራችሁን ካላሳያችሁ፣ አትግቡ። መብረቅ ካለ አትግቡ። ብቻችሁን በፍጹም አትግቡ።

ሦስት ሦስት ቅጠል ያለውን ፖይዝን አይቪ አትንኩ። ቤት ስትመለሱ መዥገር ፈልጉ፤ በተለይ ከጉልበት ጀርባና ከጆሮ ኋላ። እጃችሁ ላይ ቁስል ካለ ጓንት አድርጉ።

ጅረቱ ዳር፦ መጀመሪያ ዓይንና አፍንጫ

ኪቱን ለመክፈት አትቸኩሉ። አምስት ደቂቃ ቁሙ። ቀን፣ ሰዓት፣ ያለፉት ቀናት ዝናብ፣ የውሃው ቀለም፣ ሽታው፤ እነዚህን ጻፉ።

ውሃው ላይ ቀስተ ደመና የመሰለ ነገር ብታዩ ነዳጅ ነው ብላችሁ አትጩኹ። በእንጨት ንኩት። እንደ መስታወት ስብርባሪ ከተቆራረጠ የተፈጥሮ ባክቴሪያ ነው። ተመልሶ ከተገጣጠመና ከተጠማዘዘ ነዳጅ ወይም ዘይት ነው። አረፋም እንዲሁ ነው። ቡናማ ሆኖ የአፈር ሽታ ካለው ከቅጠል የመጣ ነው። ነጭ ሆኖ የላርጎ መዓዛ ካለው አንድ ሰው መኪናውን አጥቧል። በእኛ በኩል ያለው የመንገድ ዳር ጉድጓድ የሚገባው ወደ ማጣሪያ ጣቢያ ሳይሆን በቀጥታ ወደ ጅረቱ ነው። ብዙ ሰው ይህን አያውቅም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ኬሚካሉ፦ አተር የምታህል አየር

ሙቀት ቀላል ነው። ቴርሞሜትሩ ደረቅ እያለ መጀመሪያ የአየሩን ለኩ። ከዚያ ውሃው ውስጥ ሁለት ደቂቃ አቆዩትና ሳታወጡት አንብቡ። ሴልሺየስ ይሁን ፋራናይት ጻፉ። ፒኤች ደግሞ ጠብታ ጨምሮ ቀለሙን ከካርዱ ጋር ማስተያየት ነው። የፀሐይ መነጽራችሁን አውልቁ። የቨርጂኒያ መለኪያ ከ6 እስከ 9 ነው።

ኦክስጅኑ ላይ ግን ቆም እንበል። ብዙ ፕሮግራም የሚጠቀምበት ዘዴ ቪንክለር የተባለ የሃንጋሪ ኬሚስት በ1888 ያወጣው ነው። ትንሿን ጠርሙስ ክዳኗን እንደያዘች ውሃ ውስጥ አስገቧት። እዚያው ክፈቷት፣ ትሙላ፣ ጎኗን መታ መታ አድርጋችሁ አየሩን አስወጡ፣ እዚያው ውሃው ሥር ክደኗት። አውጥታችሁ ገልብጧት። የአየር አረፋ ካያችሁ ድፉትና እንደገና ጀምሩ።

ከዚያ ጓንትና የዓይን መከላከያ አድርጉ። የመጀመሪያዎቹን ሁለት ፈሳሾች መመሪያው ላይ ባለው የጠብታ ቁጥር ጨምሩና አገላብጡ። ቡናማ ዝቃጭ ይሠራል። እስከ ጠርሙሱ ትከሻ ድረስ እስኪረጋ ጠብቁ። ቀጥሎ አሲዱ ነው። ዝቃጩ ይሟሟና ውሃው ጠጅ ይመስላል። ጠጁ በደመቀ ቁጥር ኦክስጅኑ ብዙ ነው። ከዚያ በስሪንጅ ጠብ፣ ጠብ እያደረጋችሁ ፈዛዛ ገለባ እስኪመስል ታቀጥኑታላችሁ። ስታርች ሲጨመር ድንገት ሰማያዊ ይሆናል። እንደገና ጠብ፣ ጠብ፣ ሰማያዊው በአንድ ጠብታ ድራሹ እስኪጠፋ። ስሪንጁ ላይ ያለው ቁጥር መልሳችሁ ነው። ልጄ ያቺን የመጨረሻ ጠብታ ለማንም አትሰጥም።

ሁለት ጊዜ ሥሩት። ቁጥሮቹ ከተራራቁ ሦስተኛ ጨምሩ።

አሁን ወደ ጥፋቴ። አንድ የነሐሴ ጠዋት ውሃው 26 ዲግሪ ሴልሺየስ ነበር። ኦክስጅን 11 ሚሊግራም በሊትር ብዬ ጻፍኩ። ጅረታችን ጤነኛ ነው ብዬም ደስ አለኝ። በሳምንቱ አስተባባሪዋ ደወለች። «ይህ ቁጥር እንዴት መጣ?» ሞቃት ውሃ ብዙ ኦክስጅን አይዝም። በ26 ዲግሪ የሚይዘው 8 አካባቢ ነው፤ በዜሮ ዲግሪ 14.6 ይደርሳል። በከሰዓት ፀሐይ አልጌ የበዛበት ውሃ ከልኩ ሊያልፍ ይችላል፤ የእኔ ግን በጠዋት ነበር። ያኔ ትዝ አለኝ። ጠርሙሷ ውስጥ አተር የምታህል አየር ነበረች፤ «ምን ታመጣለች» ብዬ አልፌያታለሁ። ያቺ አተር በዚያች ትንሽ ጠርሙስ ውስጥ ቁጥሩን ከፍ ማድረግ ትችላለች። ቁጥሩ ተሰረዘ። ደግ ቁጥር ሲመጣ ሁለቴ መጠርጠር የጀመርኩት ከዚያ ወዲህ ነው።

ለማነጻጸሪያ ያህል፣ ቨርጂኒያ አብዛኛው ጅረት ከ4 ሚሊግራም እንዳይወርድ፣ የቀን አማካዩም ከ5 እንዳያንስ ትፈልጋለች።

የተጠቀማችሁበትን ኬሚካል ጅረቱ ውስጥ አትድፉ። ሳቅ ያስቃል፤ ግን ሲደፋ አይቻለሁ። ክዳን ያለው ጠርሙስ ይዛችሁ ሂዱ።

መረቡ

ለሁለት ይሠራል። ወደ መረቡ ከታች በኩል ኑ፤ ከላይ በኩል ከመጣችሁ እየረገጣችሁ ታባርሯቸዋላችሁ። አንዱ ሰው መረቡን ወደ ራሱ ጋደል አድርጎ ይይዛል። የታችኛው ጠርዝ ወለሉ ላይ እንዲቀመጥ በድንጋይ ይጫናል። ክፍተት ካለ ትሉ በዚያ ሾልኮ ይሄዳል።

ሌላው ሰው ከመረቡ ፊት ያሉትን ትልልቅ ድንጋዮች አንድ በአንድ ያነሳል። እያንዳንዱን ድንጋይ ውሃው ውስጥ በእጅ ማሸት ነው፤ ገበታ እንደሚታጠበው፣ ከላይም ከታችም። ከዚያ የተቀመጠውን ጊዜ ያህል በእግሩ ወለሉን ይቆፍራል። መጀመሪያ 20 ሰከንድ ብቻ ነው። የሚቆፈረውም አንድ ጫማ በአንድ ጫማ የሆነች ቦታ ናት። ሲያበቃ መረቡ ወደ ፊት እየተዛቀ ይነሳል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ከተነሳ ግማሹ ይፈሳል።

አንሶላውን ጠፍጣፋ ቦታ ላይ አንጥፉ፣ መረቡን አስቀምጡበት። አሁን ዝም በሉና እዩ።

መጀመሪያ የምታዩት ቅጠልና ጭቃ ብቻ ነው። «ምንም የለም» ትላላችሁ። ከዚያ ቅጠሉ ይንቀሳቀሳል። ከዚያ ጭቃው ይንቀሳቀሳል። ከአንድ ደቂቃ በኋላ ዓይናችሁ አዋጅ ይሆንበታል። ከአንድ ጥግ ጀምራችሁ በመስመር ልቀሙ። መረቡ ሥር፣ አንሶላው ላይም ፈልጉ፤ ሾልከው የሚያልፉ አሉ።

የሚፈለገው ቢያንስ 200 ነው። ካልሞላ ሁለተኛ መረብ ይጣላል፤ እስከ አራት ይፈቀዳል። በሁለተኛው መረብ 200 ብትደርሱም መሀል ላይ አታቁሙ፤ ያንን መረብ እስከ መጨረሻው ልቀሙ። ትልልቁንና የሚያምረውን ብቻ ከለቀማችሁ ውጤቱ ይዋሻል። ትንንሾቹ፣ ክር የመሰሉት፣ ወገብ የሚያስቆርጡት ናቸው ብዙውን ጊዜ ፍርዱን የሚሰጡት።

ማን ማን ነው?

በአማርኛ ስም ያላቸው ጥቂቶቹ ናቸው። የቀሩትን እንግሊዝኛ ስማቸውን እንዳለ እንወስዳለን።

ሜይፍላይ፦ ብዙውን ጊዜ ሦስት ጭራ አለው። ከሆዱ ጎንና ጎን ላባ የመሰለ መተንፈሻ ይርገበገባል። ብክለት አብዛኞቹ አይችሉም።

ስቶንፍላይ፦ ሁልጊዜ ሁለት ጭራ። በየእግሩ ጫፍ ሁለት ጥፍር፤ የሜይፍላይ አንድ ነው። ሆዱ ላይ ላባ የለውም። ኦክስጅን ሲያጥረው ፑሽአፕ ይሠራል፤ እውነቴን ነው። ጭራ እየቆጠራችሁ ብቻ አትለዩ፤ ጭራ ይቆረጣል። እኔ አንዱን ሁለት ጭራ የቀረው ሜይፍላይ ስቶንፍላይ አድርጌ ጮቤ ረግጫለሁ። ልጄ ናት በማጉያው አይታ ያረመችኝ።

ካዲስፍላይ፦ አብዛኛው ከአሸዋና ከስንጥር ቤት ሠርቶ ውስጡ የሚኖር ነው። የሠራው ቤት ሲታይ የባለሙያ ሥራ ነው። ቤት የሌለው፣ መረብ እየፈተለ ምግቡን የሚያጠምደው ዘመዱ ለብቻ ይቆጠራል። እሱ ሲነኩት ጥቅልል ይላል፤ ሆዱ ላይ ጠጉር አለ። የከተማ ጅረት ውስጥ ከልክ በላይ የሚበዛው ይኼኛው ነው።

የጢንዚዛ እጮችም አሉ። አንደኛው እንደ ሳንቲም ጠፍጣፋ ሆኖ ድንጋይ ላይ ይለጠፋል። ሄልግራማይት የሚባለው ግን የጢንዚዛ ሳይሆን ዶብሰንፍላይ የሚባል የሌላ ነፍሳት እጭ ነው፤ ጥቁር፣ ረጅም፣ መንጋጋ ያለው ነው። ይነክሳል። በወረንጦ ያዙት።

ቀንድ አውጣ ስታገኙ ጫፉን ወደ ላይ፣ አፉን ወደ እናንተ አድርጋችሁ ያዙት። አፉ በቀኝ ከሆነ በውሃ ውስጥ የሚተነፍስ ነው፤ መልካም ምልክት ነው። በግራ ከሆነ ከአየር የሚተነፍስ ነው፤ ኦክስጅን ባይኖርም ግድ የለውም። የግራዎቹ ሲበዙ ነጥብ ይቀንሳል።

ቀይ ክር የመሰሉ የትንኝ ዘመዶች፣ ተራ ትሎችና አልቅት ደግሞ ሁሉን ቻዮች ናቸው። ጥቂት መኖራቸው ችግር የለውም። እነሱ ብቻ ከሆኑ ግን ችግር አለ።

አባባ ያን ቀን አልሄዱም ነበር። አንሶላው አጠገብ መጥተው አጎንብሰው ያዩ ጀመር። ድንገት በከዘራቸው ጠቆሙ። «ይሄማ አልቅት ነው!»

«አዎ አባባ፣ አልቅት ነው።»

«እኛ አገር የትምባሆ ውሃ ነው በከብቱ አፍንጫ የሚጨመርለት፣ አልቅት ሲይዘው። እዚህም አለ?» ተገርመው ሳቁ። ከዚያ ወዲያ የአልቅት ቆጣሪ እሳቸው ሆኑ። በዚያ ዕድሜ ያን ያህል የሚያይ ዓይን አላየሁም።

ቅጹን መሙላት

ሁሉንም ቁጠሩ፣ ከዚያ ወደ ጅረቱ መልሷቸው። ቅጹ ስድስት ነገር በመቶኛ ይጠይቃችኋል። ለምሳሌ በአጠቃላይ 212 ቆጠራችሁ እንበል። ሜይፍላይ፣ ስቶንፍላይና መረብ የማይፈትለው ካዲስፍላይ በድምሩ 6 ከሆኑ 2.8 በመቶ ነው። መረብ ፈታዩ ካዲስፍላይ 106 ከሆነ ግማሹ እሱ ነው ማለት ነው፤ እዚያ ላይ ነጥብ አታገኙም። የስድስቱ ነጥብ ሲደመር ከ12 ይታረማል። 9 እና ከዚያ በላይ ተቀባይነት ያለው ነው። 8 ገና አልለየለትም። 7 እና ከዚያ በታች ተቀባይነት የለውም።

ከተማ ውስጥ ያለ ጅረት 9 ባያመጣ አትደንግጡ፣ ቁጥርም አታባብሉ። በመጀመሪያው ዓመት «እስኪ አንድ ስቶንፍላይ» እያልኩ እጸልይ ነበር። አስተባባሪዋ አንድ ነገር አለችኝ፤ ዝቅተኛ ነጥብ የእናንተ ጥፋት አይደለም፣ የተሳሳተ ነጥብ ግን ነው።

ዜሮና ባዶ ቦታ አንድ አይደሉም። ፈልጋችሁ ካጣችሁ «0» ጻፉ። ካልፈለጋችሁ ባዶ ተዉትና ለምን እንደሆነ አስታውሱ። የቨርጂኒያ የአካባቢ ጥራት መሥሪያ ቤት የዜጎችን መረጃ በሦስት ደረጃ ይከፍለዋል። አንዱ ለትምህርት፣ ሌላው ቀጣይ ምርመራ የት እንደሚያስፈልግ ለመጠቆም፣ ሦስተኛው እንደ መሥሪያ ቤቱ የራሱ መረጃ ለውሳኔ የሚውል ነው። ደረጃውን የሚወስነው ዘዴውን ምን ያህል ጠብቃችሁ እንደሠራችሁ ነው።

ባክቴሪያና ጨው፣ በአጭሩ

ባክቴሪያ ላይ አንድ ነገር ብቻ ልብ በሉ። የጠርሙሱን ውስጥ በጣታችሁ አትንኩ። አፉን ወደ ውሃው መምጫ አዙራችሁ፣ ከፊታችሁ ሙሉ፤ ከረገጣችሁበት ጭቃ አትቅዱ። በረዶ ላይ አድርጋችሁ በስድስት ሰዓት ውስጥ አድርሱ። ከሰውና ከእንስሳ አንጀት ለሚመጣው ባክቴሪያ፣ ለኢ. ኮላይ፣ የቨርጂኒያ የመዋኛ ልክ በ100 ሚሊሊትር በአማካይ 126 ነው። ዝናብ በዘነበ ማግስት ይህ ቁጥር ወደ ላይ ይተኮሳል። አንዱ ምክንያት የውሻ ኩስ ነው፤ ስታነሱ የማትታዩ ውሻ አሳዳጊዎች፣ ለእናንተ ነው።

የጨው መለኪያ ወረቀቱን ከኢዛክ ዋልተን ሊግ በነጻ ማዘዝ ይቻላል። «ሶልት ዋች» ይሉታል። በረዶ ከመጣሉ በፊት አንድ ጊዜ፣ ጨው ሲበተን፣ በረዶው ቀልጦ ሲወርድ፣ ከዚያ ዝናብ ሲያጥበው ለኩ። ወረቀቱን ጥቂት ውሃ ውስጥ አቁሙት፤ ነጩ ምልክት እስከየት እንደወጣ አንብቡና በሰንጠረዡ ቀይሩት። ከጨው የሚመጣው ክሎራይድ ለረጅም ጊዜ ከ230 ሚሊግራም በሊትር በላይ ከሆነ የውሃ ፍጥረታትን ይጎዳል። ለአጭር ጊዜ ልኩ 860 ነው።

ፓርኪንግ ወይም ሕንፃ ጥገና የምትሠሩ ወንድሞችና እህቶች፣ ይህችን ለአለቃችሁ ንገሩ። ባለ 12 አውንስ የቡና ኩባያ አንድ ሙሉ ጨው ለአሥር የእግረኛ መንገድ ንጣፍ ይበቃል። ከ15 ዲግሪ ፋራናይት በታች ደግሞ ተራው ጨው አይሠራም። ባልዲ ሙሉ መበተን ብርም ውሃም ማበላሸት ነው።

መጥፎ ነገር ስታዩ

ዘይት፣ የሞተ ዓሣ፣ ወተት የመሰለ ውሃ ከቱቦ ሲወጣ ካያችሁ ናሙናችሁን ተዉትና ከውሃው ውጡ። አደገኛ ከመሰላችሁ 911 ደውሉ። ለዘይትና ለኬሚካል መፍሰስ አገር አቀፉ ቁጥር 1-800-424-8802 ነው፤ ሌት ተቀን ይነሳል።

ፎቶ አንሡ። ግን እንደኔ አታንሡ። አንዴ ነጭ ውሃ ሲወርድ አይቼ ውሃውን ብቻ በቅርበት አነሣሁ። ደወልኩ፤ አንዱ ቢሮ ወደ ሌላው አስተላለፈኝ፣ ሌላው ወደ ሦስተኛው። ሰው ሲመጣ ሁለት ቀን አልፎ ውሃው ጠርቷል። ፎቶዬ ደግሞ የትኛው ቱቦ እንደሆነ አያሳይም። ስለዚህ አንድ ፎቶ ከቅርብ፣ አንድ ከሩቅ ድልድይ ወይም ሕንፃ እንዲታይ፣ ሰዓቱንም ጻፉ። ማን እንዳደረገው አትጻፉ። ያያችሁት ውሃውን እንጂ ሰውየውን አይደለም።

ከመሄዳችሁ በፊት

መረቡን እዚያው አጠቡ፣ የቦቱን ጭቃ አራግፉ፣ ሌላ ጅረት ከመግባታችሁ በፊት ሙሉ በሙሉ ይድረቅ። እጃችሁን ዳቦ ሳትነኩ በሳሙና ታጠቡ። የሚቀጥለውን ቀን ሳትለያዩ ተቃጠሩ፤ በስልክ እንነጋገራለን ያለ ሰው አይነጋገርም። እኛ ከአባባ ጋር ሦስት ወር ቆጥረን ቅዳሜ ጠዋት ብለን ተለያየን። ማጉያ መነጽር እሳቸው ይዘው ይመጣሉ።

መረቡንና አንሶላውን የመኪናው ኋላ ላይ እርጥቡን ትታችሁ አትግቡ። ሽታው እስከ ሐሙስ ይቆያል።